ፈረስ ማሰሪያ ያለው ባቡር ጣቢያ

ለምወድህ ለእህቴ ልጅ ለምንይችል፤

እንዴት ከርመሃል? የአዲስ አበባ ግፊያ እንዴት ይዞሃል? ሜላትስ ደህና ናት? ትንሿ ፍቅርአዲስ ጥርስ አወጣች ወይስ እንደ አባቷ ነገር ሁሉ ይዘገይባታል? ጤናውን አብዝቶ ይስጣችሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ዘውድነሽም እኔን ለመቆጣት አቅም እስካላነሳት ድረስ ታመመች ብዬ አልጽፍልህም።

"እንጅባራ ሥራ ባገኝ እንኳ ከእናቴ ቤት በምን እመላለሳለሁ?" ያልከው ነገር መላ ሊያገኝ ነው። ከዳንግላ እንጅባራ ቆሰበር ድረስ ጧት ማታ ሰው የሚያመላልስ ባቡር ታስቧል። ጣቢያው እኛ ሜዳ ላይ ወይም ከወንዙ ማዶ ይሆናል፤ ገና አልተቆረጠም። ባምላክ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ሰብስቦን ፕላኑን ዘርግቶ፣ "ይህ ሰፊው ቦታ ሰው መኪናውን አቁሞ በባቡር የሚሄድበት ነው" አለን። እርስ በርስ ተያየን። በመንደራችን ያለው መኪና የአያ ገብረ ማርያም ብቻ ነው፤ እሱም ካልተገፋ አይነሳም። እኔ ብድግ ብዬ "ልጄ፣ ፈረሳችንንስ የት እንሰር?" አልኩት። ሰው ሳቀ፤ መሐንዲሱ ግን አልሳቀም። "በእርግጥ ፈረሳችሁን ትታችሁ የምትሳፈሩ ከሆነ ማሰሪያ እጨምራለሁ፤ ጣቢያውም እዚህ እንዲሆን እከራከራለሁ። ቅዳሜ ልየው" አለ።

ቅዳሜ በባቡሩ ምትክ ሚኒባስ ይዞ መጣ። ፈረሱ ሁሉ ለጊዮርጊስ በዓል እንደሚወጣ አጊጦ መጥቶ ታሰረ። "በሉ ግቡ" ሲባል ግን የሚንቀሳቀስ ጠፋ። አንዱ "የእኔ ፈረስ ሰው አይለምድም" ይላል፤ ሌላው "ኮርቻዬ አዲስ ነው" ይላል። አያ ገብረ ማርያም ደግሞ "እኔ ፈረሴን ሜዳ ላይ ጥዬ እንደ ዶሮ አልታጨቅም" ብሎ ኮራ። ሁሉን ያስተባበርኩት እኔስ? የዳማ ፈረሴን ልጓም ይዤ ደመና አያለሁ። መሐንዲሱ "እናንተ ማሰር እንጂ መሄድ አትፈልጉም" ብሎ ፕላኑን መጠቅለል ጀመረ። ጣቢያው ወንዙን ሊሻገርብን!

ይኼኔ እናትህ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ መጣች። "ልጄን የሚመልስልኝን ባቡር ለፈረስ ብላችሁ ልታሳልፉት ነው? እኔ እጠብቃቸዋለሁ። በእኔ የማያምን አሁን ይናገር!" አለች። ማን ይናገር? አንዱ "ገብስ ይወዳል"፣ ሌላው "እትዬ ዘውድነሽ፣ ግራ ጆሮውን አይንኩበት" እያለ አደራውን እየሰጠ ገባ። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። "ይሄነው፣ ትገባለህ ወይስ አብሬ ልሰርህ?" ስትለኝ ገባሁ።

ቆሰበር ደርሰን ስንመለስ ሚኒባሱ በቅጡ ሳይቆም ወደየፈረሳችን ሮጥን። እነሱ ተዝናንተው ሣር ይግጣሉ፤ ዳማዬ ቀና ብሎም አላየኝ። መሐንዲሱም እየሳቀ ፕላኑ ላይ ከመኪናው ማቆሚያ አጠገብ ፈረስ ማሰሪያና የጠባቂ ቤት ጨመረበት።

ውሳኔው ግን ገና ከላይ አልወረደም። እናትህ ይህ አልገባትም፤ ክፍልህን ለቅልቃ ጨርሳ ትናንት አልጋ አስገባችበት። "ሐዲዱ እስኪዘረጋ እኮ ፍቅርአዲስ ትዳር ትይዛለች" ብላት፣ "እኔ የምጠብቀው ሐዲዱን መሰለህ?" አለችኝ። የዚህን መልስ አንተው ራስህ ይዘህላት ና።

ሜላትን እንደ ልጄ እንደማያት ንገርልኝ፤ የፍቅርአዲስን ጉንጭ ሳምልኝ። ባለቤቴ ሸጋ ሁላችሁንም በየስማችሁ ሰላም ብላለች። እናትህ "በል ና" ብቻ ብላለች።

አጎትህ ይሄነው
ዳንግላ ዙሪያ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.