የተዋስኩት በርኖስ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ፎቶው ዛሬም የሆስፒታሉ የፌስቡክ ገጽ ላይ ነው። ሥ/አስኪያጁ ደስታውን አልቻለውም። ከአዲስ አበባ አንድ ሐኪም ፎቶውን አይቶ ክፍት ቦታ አለ ወይ ብሎ ጠይቋል አሉ። የሰው ኃይሉም የሕዝብ ግንኙነቱም እኔ ነኝና ምስጋናው ለእኔ ሆነ። አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው።

ለአንተ ግን ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ። ባለፈው ሳምንት ለዶ/ር ሕሊና አቀባበል አዘጋጀሁ። ብቸኛዋ የማህፀን ሐኪማችን፤ በስንት ልመና ያገኘናት። የመንዝ በርኖስ ደረብንላት። ሽማግሌ መረቁ፣ እልል ተባለ፣ ፎቶ አነሳሁ። በርኖሱ የበግ ነጋዴው የጋሽ ደምሴ ነው፤ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ፎቶ ላንሳው ብዬ የተዋስኩት። ሰው ሲበተን ቢሮዋ ገብቼ የሰው ነው አልኳት። አጣጥፋ ሰጠችኝ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዶ/ር በስስ ሹራብ ሕመምተኞች ስትጎበኝ አየኋት። በሌላ በር ዞርኩ። ምን ሰርቄ ነው የምሸሸው? ሰርቄያለሁ እንጂ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ

ጋሽ ደምሴ ፎቶውን አይተዋል። በጎች መሃል ያዙኝ። «የለበሰ እንግዳ ይገፈፋል እንዴ? ብትነግረኝ መርቄ እሰጣት አልነበር!» ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በርኖሱን ራሳቸው ወስደውላት ነበር። ጉልበታቸውን ስማ፣ አልቀበልም አለች።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ዶ/ር መልቀቂያ ጠየቀች። ብርዱን እችለዋለሁ አለችኝ። ፎቶውን ግን ለእናቷ ልካላቸው ኖሯል። ልጄን አለበሱልኝ ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይተዋል። አሁን በደወሉ ቁጥር በርኖሱ ይሞቃል ወይ ይሏታል። እናቷን መዋሸት መሯታል። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ሥ/አስኪያጁ ፋይሏ ጠፍቷል በላት አለኝ። ያለ ፋይል መልቀቂያ አይጻፍም፤ ሐኪም የሚቆየው እንዲህ ነው አለ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ!

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ፋይሉ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አስቴር፣ ባለቤቴ፣ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያችንን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ዶ/ር ከሄደች ያለን ደብረ ብርሃን መሄድ ነው፤ የመንገዱን ክፋት ደግሞ አውቀዋለሁ። ጠፋ ብላት አስቴር እዚሁ ትገላገላለች። አንድ ቃል ብቻ። ቁርስ ላይ ለአስቴር ነገርኳት። ሆዷን ያዘች። ከዚያ፣ ለሌላዋ እናትስ፣ ለዶ/ር እናት ማን አሰበላቸው አለችኝ።

ፎቶውን ከገጹ አወረድኩት። ሥ/አስኪያጁ ገና አላወቀም። ያውቃል፣ ይወቅ።

ፋይሉን ይዤ ማዋለጃ ክፍል ልሄድ ነው። ይቅርታ እላታለሁ። ቆዪልን አልላትም፤ በምን ፊቴ? የአስቴርንም ነገር አላነሳም። ብነግራት ታዝንልኝና ትቀራለች። እሱም ያው ማታለል ነው።

ሄድኩ።