ሊማሊሞን በፎሌ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

«የተሽከርካሪዎ ባትሪ አቅም የቀነሰው ተሽከርካሪው ዳገታማና ቀዝቃዛ በሆነ አካባቢ በተደጋጋሚ በመሠማራቱ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ያቀረቡት የዋስትና ጥያቄ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን በትሕትና እንገልጻለን።»

መኪናዋን ከሸጠልን ኩባንያ የመጣውን ደብዳቤ ቃል በቃል ገለበጥሁት። በትሕትና! ማን አረጋገጠው? ከአዲስ አበባ አንድም ሰው መጥቶ መኪናዋን አላያትም። የሽያጭ ውሉን አወጣሁ። «የገዢ አድራሻ፦ ደባርቅ» ይላል፤ የጻፉትም ራሳቸው ናቸው። ደባርቅ ዳገትና ብርድ መሆኑን ከሸጡልኝ በኋላ ነው የሰሙት?

ደወልሁ። አንዲት ልጅ አነሣች።

«አባት፣ ደብዳቤው ደርሶዎት የለ? በቃ፣ እሱ ነው።»

ማን ወሰነ አልኋት። ቴክኒክ ክፍል አለችኝ። የቴክኒክ ክፍሉ ሰው ስም የለውም ወይ? «አባት፣ ትንሽ ይረጋጉ» ብላ ዘጋችው።

አልተረጋጋሁም። ነገሩ እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ ሚኒባሷን ከገዛን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ በታኅሣሥ መጨረሻ የባትሪው ዋስትና ያበቃል። እስከዚያ በስልክ ሊያመላልሱኝ ነው። አዲስ ባትሪ ከመኪናዋ ዋጋ ከግማሽ በላይ ይጠይቃል፤ አንችልም። እንሽጣት ቢባል፣ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባትሪው ስንት ቀረው?» ብሎ ነው። የድሮዋን የናፍጣ ሚኒባስ ያሸጥሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ማንጠግቦሽ አልፈለገችም ነበር። ወንድሟ ሞላም፣ ሹፌራችን፣ አልፈለገም። በጠመኔ እየጻፍሁ እንደማስተምር ሁሉ አስረድቼ ረታኋቸው። አሁን ሁለት ቤት የሚበላው ከዚህች መኪና ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬም ዳገቱ ላይ ቆመች። ሞላ ከአዲ አርቃይ ሲመለስ ድብ ባሕርን አልፎ ሊማሊሞ መካከል ላይ ባትሪው አለቀ። ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። አንድ ሽማግሌ ቄስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ «በቅሎ እንኳ ሲደክማት ሣር ቢሰጧት ትነሣለች። ይችን ምን እንስጣት፣ ልጄ?» አሉት አሉ። ሰሊጥ የጫነ መኪና እየጎተተ አወጣቸው።

ከተማው መግቢያ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። በገመድ እየተሳበች በማደያው ሰልፍ ፊት ለፊት አለፈች። ናፍጣ ፍለጋ እዚያ የሚያድሩት ሹፌሮች ከየመኪናቸው ወረዱ።

«መምህር! ገመዱም በመብራት ነው የሚሠራ?»

«ቻርጀሩን ረስተው ነው እንጂ ደህና ነበረች!»

ልቆጣ አፌን ከፈትሁና ዘጋሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰልፍ አጠገብ ሳልፍ ክላክስ እነፋባቸው ነበር። እነሱ ናፍጣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከጥቁር ገበያ ሲገዙ፣ እኔ ቤቴ ተኝቼ ባትሪ እሞላለሁ እያልሁ ተመጻድቄባቸዋለሁ። የእነሱ ፌዝ ይገባኛል። ኩባንያው ያደረገኝ ግን አይገባኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ራሴ አብሬ ልውረድ አልሁ። ተሳፋሪ ሳንጭን፣ መብራት ስለጠፋ በሰማንያ ስምንት በመቶ ባትሪ ተነሣን። ሞላ መሪውን ያዘ፤ እኔ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በየጠመዝማዛው መቶኛውን ልጽፍ።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ሞላ ማርሹን ፎሌ ውስጥ ከተተው። መኪናዋ ነፃ ሆና መንሸራተት ጀመረች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየቆጠብሁ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ምኑን?»

«ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማን ያቃጥላል? ሃያ ዓመት ሊማሊሞን በፎሌ ነው የወረድሁት። አንድም ቀን ሰው አልጎዳሁም።»

ቁልቁለቱ ሲያልቅ፣ ድብ ባሕር ስንደርስ፣ ሰማንያ ስድስት ሆነ። ፍሬኑ ተቃጥሎ ይሸታል። ወደ ላይ ተመልሰን ደባርቅ ስንገባ አርባ አንድ።

ጮህሁበት። ይህች መኪና ቁልቁለት ላይ ማርሽ ውስጥ ከቆየች ሞተሯ ወደ ዳይናሞ ይለወጣል፣ ባትሪው ይሞላል፣ ፍሬኑም ያርፋል፤ አንተ በየቀኑ ገደል ስትጥለው ከርመሃል አልሁት። እሱም፣ «ይህን መቼ ነገሩኝ?» አለኝ።

መቼም አልነገርሁትም። ለሃያ ሰባት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። ዳይናሞን ለስንት ክፍል በሥዕል አስረድቻለሁ። ለሞላ የነገርሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ነዳጅ አትጠይቅም»። ደህና ሹፌር እንዲያ ሲባል ምን ያደርጋል? እንደለመደው ይቆጥባል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ደገምነው። ያው ሰማንያ ስምንት፣ ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት፣ ባዶዋን። ፎሌ የለም።

ድብ ባሕር ስንደርስ ዘጠና ሰባት። ሞላ ቁጥሩ ሲጨምር አይቶ እንደ ልጅ ሳቀ። «ጋሼ፣ ቁልቁለቱ እኮ ማደያ ነው!» ደባርቅ ስንመለስ አምሳ ሁለት።

በደብተሬ የሰፈረው፦
ከፎሌ የተረፈ፣ አሥራ አንድ በመቶ።
ፍሬን፣ ደህና። ሽታ የለም።
አዲ አርቃይ ደርሶ መልስ፣ አሁንም አይበቃም። በፊት ይበቃ ነበር፤ ያውም በፎሌ እየወረደ።

የመጨረሻው መስመር ነው ቁም ነገሩ። ሞላ ያጠፋው የመንገዱን ትርፍ ነው። ባትሪውን አልበላውም።

ሌላም አገኘሁ፤ ይኸኛው የራሴ ነው። እዚህ አገር መብራት ሲመጣ ሁሉም ነገር ይሞላል፤ ስልኩ፣ ባትሪው፣ ፓውዛው። መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅማ። እኔም «መቶ ሳትሞላ እንዳትወጣ» እያልሁ ነው ሞላን የማዘው። ደባርቅ ደግሞ ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ነው። ሙሉ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን የት ያስቀምጠዋል? ሁልጊዜ ሙሉ መሆኑም ሳይጎዳው አልቀረም። አላውቅም። ማወቅ ነበረብኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ሥራ የለም። ማንጠግቦሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የመኪናዋን መመሪያ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አገኘችኝ። ከዳር እስከ ዳር በቻይንኛ ነው። ሥዕሎቹን ብቻ አየሁ። አንዱ ላይ መኪና ቁልቁለት ይወርዳል፤ ከጎማው ወደ ባትሪው ቀስት ተሥሏል። ሁለት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ስለ ፎሌው በደብዳቤው ልጽፍ ነው አልኋት።

«ያልጠየቁህን ለምን ትናገራለህ?»

«እውነት ስለሆነ።»

«እነሱ እውነት ጽፈውልሃል? ወንድሜን ልትከስ ነው? ‹ሹፌሩ ነው ያበላሸው› ብለው በዚያው ይገላገሉሃል።»

የምትለው ስሕተት የለበትም። እንደዚያ ሊያደርጉ ይችላሉ። ደብቄው ቢደርሱበት ግን የቀረውን ሁሉ ውሸት ያደርጉታል። እሷ ምሳ አቀረበች። ሞላ መጥቶ በሁለታችን መካከል ተቀምጦ በላ።

ያለ ዳገት፣ ያለ ብርድ፣ ያለ ፎሌ መለካት አለብኝ። ዳባት! በዚያ በኩል መንገዱ ሜዳ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መኪናዋን በገዛን በመጀመሪያው ሳምንት ለደስታዬ ብዬ ባዶዋን ዳባት ደርሼ ተመልሼ ነበር፤ ቀትር ላይ፣ በፀሐይ። የፈጀችውን ያኔ ጽፌዋለሁ፦ አሥራ ዘጠኝ በመቶ። ዛሬም ቀትር ላይ፣ ባዶዋን፣ በዚያው ፍጥነት፣ ራሴ ነዳሁ። ሊማሊሞ በዚያ በኩል የለም። ካፖርቴን እስካወልቅ ሞቆኝ ነበር።

ሠላሳ አራት በመቶ ፈጀች።

አሥራ ዘጠኝን ለሠላሳ አራት አካፍዬ ሦስት ጊዜ አሰላሁት። ከባትሪው የቀረው አምሳ ስድስት በመቶ ገደማ ነው። ውሉ «ከሰባ በመቶ በታች ከወረደ በነፃ ይለወጣል» ይላል።

ማንጠግቦሽ ቁጥሩን አይታ፣ «እንግዲህ ጻፍ» አለችኝ። ስለ ፎሌውስ? «እንደምትጽፈው ጻፈው። የሞላን ስም ግን አልይ።» ስሙ አይኖርበትም። የመኪናዋ ባለቤትም የሞላ አስተማሪም እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰኞ ጠዋት በአደራ ፖስታ የሚሄደውን ለራሴ እዚህ ገለበጥሁት፦

«በቁልቁለት ላይ የሚገኘው ኃይል ማርሽ ፎሌ በማድረግ እንዲባክን አድርጌአለሁ፤ ባትሪውንም ሁልጊዜ እስከ መቶ ሞልቻለሁ። አልደብቅም። ይህን እንዳላደርግ የሚነግር አንድ መስመር በማነበው ቋንቋ አልሰጣችሁኝም። ሰጥተናል ካላችሁ ገጹን ላኩልኝ። ከዚህ ጋር ያያያዝሁት የሦስት ጉዞ ልክ ነው፤ ሦስተኛው በሜዳ፣ በቀትር የተደረገ ሲሆን፣ መኪናዋ አዲስ ሳለች በዚያው መንገድ ከለካሁት ጋር ተነጻጽሯል። ባለሙያችሁ መጥቶ እኔ ባለሁበት ይለካ። ቁጥሬ ስሕተት ከሆነ ስሕተቱን ፈርሞ ያሳየኝ፤ ትክክል ከሆነ ባትሪውን ለውጡ። በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም። ስም፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት የጽሑፍ መልስ እስከ ማክሰኞ፣ ኅዳር 30 ድረስ ደባርቅ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።»