የዱሎ ጫጩቶች

ውድ ፌሊሳ፣

ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የቀዳሁልሽን ሰምተሽ እንደተናደድሽ ከዝምታሽ ገብቶኛል። ስትናደጂ ቁርጥ አባትሽን ነሽ፤ አትሳደቢም፣ ትጠፊያለሽ። ስለዚህ ብዕር አነሳሁ። የእጅ ጽሑፌን ቻይው። ፊደል የቆጠርኩት ደረቅ ዓሣ በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ዛሬም ልጽፍ ስቀመጥ የሚሸተኝ እሱ ነው።

እኔን አጎትሽን ያዘዝሽኝ ግልጽ ነበር። «ቲዮ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ፣ እንደምትቀዳ ንገራቸው፣ ከዚያ ስለ አባቴ ጠይቅ። ደግሞ ብልጠት እንዳታበዛ» አልሽኝ። ብልጠት ካላበዛሁ ኢስኮ መሆኔ ምኑ ላይ ነው? ስልኩን ቅርጫቱ ውስጥ፣ እንደ ወትሮዬ ይዣት ከሄድኩት ጫጩት ሥር ደበቅኩት። ጠበቃሽም ማኒላ ካለው ቢሮው ተቀምጦ ቁም ነገሩ ላይ ሲደርስ የሰማው ጪው ጪው ብቻ ሆነ። «ምስክራችሁ ይህች ናት?» ብሎ ጠየቀሽ አሉ። ሳቂ እንጂ፣ አንቺ ልጅ! እኔስ ስቄያለሁ። ስቄ ሳበቃ ግን፣ ያቺ ፍጡር በጩኸቷ የሸፈነችው ቃል ምን እንደነበር ትዝ አለኝ።

ያንን ቃል ነው የምጽፍልሽ። እንድትፈርጂ ግን ከሥሩ ልጀምር፤ አንቺ ያኔ ጥርስሽ እንኳ ሞልቶ አልወጣም ነበር።

አባትሽ ዱሎ ቱባ ቀጂ ነበር። ጠዋትና ማታ ኮኮነቱ ላይ ወጥቶ ከአበባው የሚንጠባጠበውን የሚያሰክር ጭማቂ በቀርከሃ ይዞ ይወርዳል፤ እኛ ከታች ሆነን «ዱሎ፣ ውረድ እንጂ፣ ጉሮሯችን ደረቀ!» እያልን እንጮህበታለን። የሚወጣባቸውን ዛፎች ሁሉ በገጀራው ጠርቦ መርገጫ አውጥቶላቸው ነበር። ከዚያ ላይ ሆኖ የመንደሩን ጓዳ ያያል። አንድ ንጋት የቀበሌው ሊቀመንበር የኡርባኖ ሰዎች የወሰን ድንጋይ እየነቀሉ ወደ አሮጊቷ ባሴሊሳ መሬት ሲያስገቡ አየ። አይቶ ዝም ቢል ምን ነበረበት? ግን የእኔ ወንድም ነው፤ ገበያ መሀል ቆሞ፣ «ጎበዝ፣ የኡርባኖ ድንጋዮች እግር አበቀሉ! ሌሊት ሌሊት ወደ ባሴሊሳ ይሄዳሉ፤ መቼም ሽማግሌ ሳይልኩ አይቀሩም!» አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ኡርባኖም እዚያው ነበር፤ እሱም ሳቀ።

ሳምንት ሳይሞላ አባትሽ ከኡርባኖ በረት ጀርባ ካለ ኮኮነት ሥር ሞቶ ተገኘ። የጤና ሹሙ «ከዛፍ ወድቆ» ብሎ ጻፈ። እኛ ግን ቀና ብለን ግንዱን አየነው። ልሙጥ ነበር። አንድ መርገጫ የለውም፤ አናቱ ላይም ቀርከሃ አልተንጠለጠለም። እንዲህ ያለ ዛፍ ላይ ቱባ ቀጂ ምን ሊያደርግ ይወጣል? መንደሩ በሙሉ ወደ ላይ አየ፤ ከዚያም መንደሩ በሙሉ አቀረቀረ። ዘመኑ የሚያቀረቅሩበት ነበር።

ያላቀረቀረችው እናትሽ ብቻ ናት። ለቅሶው ላይ ፊቱ በሚታይበት በሬሳ ሣጥኑ መስታወት ላይ አንዲት ጫጩት አስቀመጠች። አንቺ «ቲዮ፣ ስጠኝ፣ ልጫወትባት» ብለሽ አለቀስሽ፤ እኔም «አባትሽ ብቻውን እንዳይሆን ነው» አልኩሽ። አሁን ታውቂዋለሽ፤ ጫጩት የሚቀመጠው ለተገደለ ሰው ነው። መስታወቱን በጫረች ቁጥር የገዳዩን ኅሊና እንድትጭር።

ፖሊሱ መጣና «ይቺን ጫጩት አንሱ። ወድቆ ለሞተ ሰው ጫጩት አያስፈልግም» አለ።

እናትሽ ዞር ብላ ሳታየው፣ «እኔ አላስቀመጥኳትም፤ ራሷ ናት የወጣችው። ውረጂ በላት» አለችው።

እጁን ዘረጋና መልሶ ኪሱ ከተተ። ማን ደፍሮ ይነካታል?

ከዚያ ኡርባኖ ራሱ ሩዝ አስይዞ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ሣጥኑ አጠገብ ቆመ። ጫጩቷ በአባትሽ ፊት ልክ መስታወቱን ትቆረቁራለች፤ ካርታ የሚጫወቱት እንኳ ካርታቸውን እንደያዙ ቀሩ። ኡርባኖ ብዙ አያት። ከዚያም ከጆንያው ጭብጥ ሩዝ ዘግኖ መስታወቱ ላይ በተነላት። ጫጩቷ መቆርቆሯን ትታ መልቀም ያዘች። «ኅሊናውን በሩዝ አፉን አስያዘው» ያለ አለ፤ «ጨካኝ ሰው ለጫጩት አያዝንም» ያለም አለ። እኔ ያን ጭብጥ ሩዝ ይኸው እስከ ዛሬ አላምጬ አልዋጥኩትም።

ጫጩቷን እኔ ወሰድኳት። አድጋ እናት ሆነች፤ እኔ ሆዳሙ እንኳ አልበላኋትም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አባትሽ በሞተበት ቀን ከዘሯ አንዲት ጫጩት ይዤ ኡርባኖ ቤት እሄዳለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ በረንዳው ላይ ጥዬ እንደ ዱርዬ እሮጥ ነበር። ኋላ ጉልበቴ ሲከዳኝ ቆሜ ማንኳኳት ጀመርኩ። ይከፍታል፣ ጫጩቷን ይቀበላል፣ «ኢስኮ፣ አመሰግናለሁ» ይላል፣ ይዘጋል። በቃ።

እናትሽ በሯ ላይ ትጠብቀኛለች።

«ምን አለ?»

«አመሰግናለሁ አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ወደ ድስቷ ትመለሳለች። አምና ከመሞቷ በፊት ፍራሿ ላይ እንደተኛች፣ «ዘንድሮስ ምን አለ?» አለችኝ። ውሸት የማያልቅብኝ ሰው ያን ቀን አንድ እንኳ አጣሁ።

እንግዲህ ዘንድሮ ያንቺን ስልክ ይዤ ሄድኩ። የጤና ሹሙ ሞቷል፤ ፖሊሱ ሞቷል፤ ድንጋይ ነቃዮቹም አንድ በአንድ አልቀዋል። የቀረው ኡርባኖ ነው፤ ከእሱም የቀረው ግማሹ ነው።

በሩን የከፈተችልኝ የልጁ ሚስት ሜርሲ ናት፤ ከሌላ ደሴት የመጣች፣ ፊቷ የማይጨልም ሴት። «ቲዮ ኢስኮ! እኔማ ዘንድሮ ቀሩ ብዬ ነበር! አባባ፣ ልደትዎን የማይረሱት ሰውዬ መጡልዎ!»

«የምን ልደት?» አልኩ።

«ነገ አይደል እንዴ? ይቀልዳሉ! በየዓመቱ ዋዜማውን ጫጩት ይዘው የሚመጡት ለምን ሆነና?»

ይህን ያህል ዓመት ሰውዬውን ነክሼዋለሁ ስል ለካ ልደቱን ሳከብርለት ኖሬያለሁ። በጓሮ በር ብቅ ብዬ ባይ ግቢው ዶሮ በዶሮ ሆኗል፤ ሁሉም የዚያችው የሣጥን ጫጩት ዘሮች። «እግዜር ይስጥልን፣ ቲዮ» አለችኝ። «የልጆቼ ዩኒፎርም የሚገዛው በእነዚህ እንቁላል ነው።» የወንድሜን ደም እንዲጠይቁ የላክኋቸው እንቁላል ጥለው ልጆች አስተምረዋል።

ኡርባኖ መስኮቱ ሥር የቀርከሃ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ከስቶ ልብሱ ውጦታል። ሜርሲን «አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?» ይላታል፤ እሷም «የእርስዎው ነኝ» እያለች አፉን ትጠርጋለች። ጫጩቷን መዳፉ ላይ አኖርኩለትና ቅርጫቱን አጠገቡ አደረግኩት። ያቺ ደግሞ እናቷን የቀበሩባት ይመስል ጩኸቷን አቀለጠችው።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ጠራ፤ እውነቴን ነው፣ ጠራ። «ዱሎ» አለኝ። «ወረድክ?»

ፌሊሳ፣ በአባትሽ ስም ጠራኝ። ኢስኮ ነኝ ልለው አፌን ከፍቼ ተውኩት።

«ወርጃለሁ» አልኩ።

«ውረድ ስልህ፣ ውረድ ስልህ! ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ'ኮ።»

«ከየት ነው የምትለኝ፣ ሊቀመንበር?»

«ከዛፉ ነዋ! ከየት ይሆናል?»

«ከየትኛው ዛፍ?»

በዚህ መሀል ጫጩቷን ወደ አፉ አስጠግቶ በትንፋሹ ያሞቃት ጀምሯል። ጩኸቷ እያነሰ እያነሰ ሄደ። እኔ ተንበርክኬ እጁን ያዝኩት። ኢስኮ ተንበረከከ ቢሉሽ አታምኚም፣ ግን ተንበረከኩ። «ኡርባኖ፣ በእናትህ፣ በየትኛው ዛፍ ላይ ነበርኩ? ማን ነበር ከታች?»

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «ዝም በል፣ ተኝታለች» አለኝ። ዓይኑም መልሶ ደፈረሰ።

ያገኘሁት ቃል ይኸው ነው። ለጠበቃሽ በስልክ ብነግረው፣ «የምራቱን ስም የማያውቅ ሰው አይመሰክርም» አለኝ፤ ልክ ነው። ግን እኔን የሚያቃጥለኝ ሕጉ አይደለም። አባትሽ ያን ዛፍ አልወጣም፣ ሌላ ቦታ ገድለው አምጥተው ጣሉት ብለን ነው የኖርነው፤ እናትሽ ይህንኑ እንዳመነች ነው የሞተችው። ሰውዬው «ውረድ» ካለው ግን እላይ ነበር ማለት ነው። ታዲያ አባረውት ይሆን በዚያ ልሙጥ ግንድ በጥፍሩ የተንጠለጠለው? ከሆነስ ኡርባኖ «ውረድ» ያለው ሊያድነው ነው ወይስ ሊይዘው? ወይ ደግሞ፣ ልጄ፣ የዚያን ቀን አይደለም ይሆናል። «ዱሎ፣ ውረድ» እያለ የማይጮህ ማን ነበር? እኔም በየጠዋቱ ብዬዋለሁ። ምናልባት ለሽማግሌው ከዘመኑ ሁሉ የቀረችለት አንዲት ጥሩ ጠዋት ናት፤ ከታች ኩባያ ይዞ ቱባ የሚጠብቅባት ጠዋት።

ቃሉን ከየትም በኩል ባነሳው ከእጄ ያመልጣል። እኔ ሁሉን በቀልድ የምፈታው ሰው፣ ይኼንን መያዣ አጣሁለት።

ከመናደድሽ በፊት «ልምጣ ወይስ ይቅር?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። አላውቅም። ብትመጪ አንቺንም በሌላ ሰው ስም ይጠራሽ ይሆናል፤ ወይም አንገቱን ደፍቶ እንቅልፉን ይተኛል። ብትቀሪ ደግሞ ክረምቱን የሚዘልቅ አይመስለኝም። አንዱን ምረጪ ልልሽ አቅም የለኝም፤ ሁለቱም ባዶ እጅሽን ነው የሚመልስሽ። የምችለው የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ መጻፍ ነበር። ለእኔ እንዲህ ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚከብደኝ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።

ልወጣ በሩን ስይዝ ሜርሲ ለመንገድ ብላ እንቁላል በቅጠል ጠቀለለችልኝ። ሽማግሌው ጫጩቷን እንዳቀፈ ከመስኮቱ ሥር ጠራኝ።

«ዱሎ!»

«አቤት።»

«ነገም ቱባውን ታመጣልናለህ አይደል?»

ዘወር ብዬ አየሁት። እንደ ልጅ ነው የሚያየኝ። ደም እንዳለበት አላውቅም፤ እንደሌለበትም አላውቅም። ብቻ አባትሽን ከቀበርንበት ቀን ወዲህ፣ ዱሎ ነገ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።

«እሺ፣ ነገ» አልኩት።

ጫጩት የማያልቅበት አጎትሽ፣
ኢስኮ