እስከ መጨረሻው ያልሰማሁት የጅብ ተረት

ሰኞ፣ ኖቬምበር 12/2007፣ ጧት
የጥናቴ ምዕራፍ 2፣ የስዊድናዊው ሠዓሊ ተደጋጋሚ ጭብጦች። ጭልም ያለ የጥድ ደን። ድንጋይ የመሰለ ግዙፍ ትሮል፣ ማለትም የዚህ አገር ተረት የጫካ ጭራቅ። ከፊቱ የምታበራ ትንሽ ልጅ። «አስፈሪ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝሁት። እጆቹን ልብ ብዬ አየኋቸው፤ ልጅቱን የሚይዛት እንቁላል እንደያዘ ሰው ተጠንቅቆ ነው። መመሪያዬ፦ ሥዕሉ ከዳር እስከ ዳር ሳይታይ ፍርድ የለም።

ማክሰኞ፣ 13፣ ማታ
ከልጄ ከሊያ ዳጊስ፣ ከመዋለ ሕፃናቷ፣ ጠሩኝ። ጓደኞቿን በጅብ ተረት አስለቅሳለች። ተረቱ የአባቴ፣ የአባባ ነው፤ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ ከመጡ ወዲህ በየምሽቱ ይነግሯታል። መምህሯን ይቅርታ ጠየቅሁ። ከጀርባዋ፣ ግድግዳው ላይ፣ የዚያው ሠዓሊ ትሮል ተሰቅሏል። አየሁት፤ ሊያን ይዤ ወጣሁ።

አባባን ተረቱ ይቁም አልኋቸው። «እሺ የኔ ልጅ። ጅቡ ቪዛ አላገኘም ማለት ነው» ብለው ሳቁ። ሊያ አልሳቀችም።

ሐሙስ፣ 15
ማስታወሻዬ፣ ላንተ አልደብቅም። አባባ ከእራት በኋላ ቴሌቪዥኑን ያያሉ፤ ቋንቋውን አያውቁትም። ሊያ እግራቸው ሥር ኩርምት ብላ ትጠብቃለች። በአማርኛ ብንጠይቃት በስዊድንኛ የምትመልስ ልጅ፣ «ተረት ተረት» ሲሏት ብቻ «የላም በረት» ትል ነበር። እሱንም ቆረጥሁት። አባባ ማክሰኞ ይሄዳሉ።

አርብ፣ 16፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ከዳጊስ ወደ ሰፈራችን ወደ ሱንድቢበሪ ስንመለስ፣ ባቡር ውስጥ፣ የተረቱን መጨረሻ ሊያን ጠየቅኋት። መንገድ የጠፋባትን ልጅ ጅቡ ያገኛታል። መምህሯ ያስቆመቻት እዚህ ላይ ነው። ከዚያስ? አዝሎ እናቷ ደጅ ያደርሳታል። በሩን አያንኳኳም፤ እንደሚፈሩት ያውቃል። እስኪከፈትላት ራቅ ብሎ ይቀመጣል።

የትሮሉን እጅ ለማየት ስንት ቀን ታገሥሁ። አባቴን አንድ ምሽት አልታገሥኋቸውም።

እቤት እንደገባን ጥፋቱ የኔ ነው አልኋቸው። «ድሮስ መቼ ጨርሰሽ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ጅቡ ብቅ ሲል እንቅልፍ ይወስድሽ ነበር» አሉኝ። መሳቅ አቃተኝ።

ዳጊስ ደወልሁ። ይቅርታ መጠየቄ ስሕተት እንደነበረ ተናገርሁ። የተረቱን መጨረሻ ስነግራት መምህሯ ሰኞ ጧት ኑ አለችኝ። አባባ ይተርካሉ፤ እኔ እተረጉማለሁ፤ እስከ መጨረሻው።

ሳሎን ውስጥ «ተረት ተረት» ተብሏል። ሊያ መልሳለች። አባባ ግን እናትሽም ካልመለሰች አልጀምርም ብለው እየጠበቁኝ ነው። ልሂድና ልመልስ።