ለሟች ስለተፈቀደችው ምስማር

ለክቡር ኡስታዝ ወግዲ አቡል-ኼይር
የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
እስክንድርያ፣ አንፉሺ

ክቡር ሆይ፣ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃውስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ አላህ ይመስገን በሕይወት አለሁ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ባለፈው ሐሙስ በመካከላችን ጥርጣሬ ተፈጥሮ ስለነበር ነው። ደብዳቤውን በገዛ እጄ ጽፌ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲያየው ከታች መግቢያው ላይ ለጥፌዋለሁ። ፊደሌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ፤ መረብ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ደግሞም በተንጋደደ ሳሎን ውስጥ ተቀምጬ ቀጥ ያለ መስመር ከየት አመጣለሁ?

አንደኛ፣ ስለዚሁ ሳሎን አመሰግናለሁ። ደህና አራት ማዕዘን የነበረው ክፍሌ፣ እርስዎ ለሕንፃው ያስገቡት አሳንሰር በግራ በኩል ሆዱን ገፍቶ ስለገባበት፣ ዛሬ ጫፉ እንደ ዓሣ ጅራት ቀጥኗል። አሳንሰሩ እስካሁን አንድም ሰው አላወጣም፤ አንድም ሰው አለመጣሉ ግን ያስመሰግነዋል። ባለቤቴ ኢንሷፍም ለመጨረሻ ጊዜ የወረደችው በጎረቤት ትከሻ ነው። እርስዎ ከኋላ እየተከተሉ ስለ ጉልበትዎ ያሰሙት ምሬት እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጆሮዬ። ቀኙ ከሞተ ቆይቷል። ኢንሷፍ ፊልም ስናይ በግራዬ ተቀምጣ የተባለውን ሁሉ ደግማ ትነግረኝ ነበር፤ ከራሷም ትጨምርበታለች፣ «ይኼኛው አይኑን እየው፣ ቁርጥ ያንተን ወንድም፣ አሁን ይዋሻል» እያለች። እሷ ከሄደች ወዲህ ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ እኔ ዝም ብዬ አያቸዋለሁ። የፈረንጁን ፊልም የግርጌ ጽሑፍ አንብብ እንዳይሉኝ፣ የመጀመሪያውን ቃል ስጨርስ ሰውየው ተቀብሯል። ልጄ አዝኖልኝ ከኩዌት ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ላከና፣ ድምፅ ማጉያውን ግን እንደ ክፍልህ ምረጥ አለኝ። እንደ ክፍሌ!

ሦስተኛ፣ ምርጫው። የሱቁ ሰው አምስት ድምፅ ማጉያ በዙሪያው የተደረደረበት የክፍል ሥዕል አሳየኝ፤ በሥዕሉ ላይ አሳንሰር የለም። ትልቁን ወስጄ በቀጭኑ ጥግ ባቆመው፣ ሰው ሁሉ ከጋን ውስጥ ያወራ ጀመር። በቀኝ ግድግዳ ብሰቅለው ለሞተው ጆሮዬ ይዘፍናል። ወንበሬን ባዞር እሰማለሁ፣ ግን ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ነው። ደክሜ ደክሜ የደረስኩበት ይህ ነው፦ የሰው ንግግር ጥርት አድርጎ የሚያወጣ አንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ፣ በግራ ግድግዳ፣ በኢንሷፍ አፍ ቁመት ልክ። ወለሉ ላይ እንዳላቆመው ቦታው ላይ ወንበሯ አለ። ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ያለኝን የሱቁን ሰው ከዚያ ወዲህ ሰላም አላልኩትም።

የግራው ግድግዳ ደግሞ የአሳንሰሩ ነው፤ አሳንሰሩ የማኅበሩ ነው፤ ማኅበሩም እርስዎ ነዎት። አንዲት ምስማር ለመንኩ። የጋራ ንብረት አይበሳም አሉኝ። ሳሎኔን የበሳው የጋራ ንብረት መሆኑን ረስቼ ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ።

አራተኛውን እንኳ ቁጥር አልሰጠውም፤ የሐሙሱ ነው። ሁለተኛውንም ድምፅ ማጉያ ሳይሞክሩ መግዛት ዓሣ ሳያሸቱ እንደ መግዛት ነው ብዬ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳንና ድምፅ ማጉያ የሚያከራየውን ሙዓለም ዚንሁምን ለመንኩት። ሠራተኞቹ ጥቁሮቹን ሣጥኖች በደረጃ ተሸክመው አወጡልኝ። ሲከፍቱት፣ ከጠዋቱ ለቅሶ በመሣሪያው የቀረ የቁርዓን ንባብ ኖሮ ሕንፃው በሙሉ ሰማ። የዚንሁም ሣጥን ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ወጥቶ ቁርዓን ከተሰማ፣ በሰፈራችን ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ማድ ቤት ለሠራተኞቹ ሻይ ሳፈላ የታችኛዋ ጎረቤታችን ሲት ነዚማ ጥቁር ለብሳ እያነባች ደረሰች፤ እርስዎም የለቅሶ ስኳርዎን ይዘው ተከተሉ፣ በኢንሷፍም ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ግራ ጆሮዬ ዘመድ ሆነኝ። እንዲህ ሲሉ ሰማሁዎ፦ «ምስኪን ሐጂ። አንዲት ምስማር ነበር የለመነን፤ ምን ነበረበት? እኔ በበኩሌ ፈቅጄለታለሁ፣ አላህ ምስክሬ ነው።»

እኔም የሻይ ትሪውን እንደያዝኩ ከኋላዎ፣ «አላህ ይስጥልኝ ኡስታዝ፣ መሰርሰሪያው እዚሁ አለ» አልኩ።

የፊትዎ ቀለም ሲመለስ ምን አሉኝ? «ሐጂ፣ ያ እኮ ለሟቹ ነው።»

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃኝ። ሐኪሙ ግራውም ጆሮ እየሄደ ነው፣ ክረምቱን መዝለቁን እንጃ ብሎኛል። ማኅበሩ ደግሞ ከረመዳን በኋላ ተሰብስቦ ያየዋል ተባልኩ። ጆሮዬ የስብሰባ ቀን አያውቅም። አንድ ድምፅ በግራዬ እንዲያወራኝ ነው የምለምነው፤ የሷ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም። ግን ከዚያ በኩል ይምጣ። ለሟች የፈቀዱትን ለሕያው ይፍቀዱ። ለዚያች ምስማር ብሞት አይገደኝም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ማን ይሰማል?

አሳንሰርዎ አንድ ቀን ከፍ ከፍ እንዲያደርግዎ እየለመንኩ፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበት፣ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ በሕይወት ያለሁ፣ በአንድ ጆሮ አድማጭዎ፣
ሐጂ መርዙቅ፣ መረብ ጠጋኙ

ማስታወሻ፦ ስኳርዎን አልነካሁትም። የለቅሶ ስኳር ብድሩ አይቀርም፣ ለእርስዎ ቀን ይዤው እመጣለሁ። ምስማሯን ከፈቀዱ ግን ዛሬውኑ ይውጡና በሻይ እንጨርሰው። መቀመጫዎን ይዘው ይምጡ፤ የኢንሷፍ ወንበር ተይዟል።