ማር የሌለበት ገደል

ወንድምዓለም፣

ከሄድክ ክረምቱ አልፎ እህሉ ታጨደ። አልጋህ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ። እማዬ ልብስህን ለቆሎ ተማሪ ሰጥታለች፤ የገደል መውጫ ገመድህን ግን ደብቄባታለሁ።

ተናድጄብሃለሁ። የገደሉ ድንጋይ አሸዋ ነው፣ ዝናብ ሲጠጣ ይፈረፈራል፣ እስኪደርቅ አይነካም ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ዝናቡ ባባራ ማግስት፣ እኔ ትምህርት ቤት እያለሁ፣ ብቻህን ወጣህ። የጨበጥከው ድንጋይ ይዞህ ወረደ።

ከአንተ ይበልጥ የጠላሁት ግን አያ ታከለን ነው። ገደሉ ከማሳው ራስጌ ስለሆነ የእኔ ነው ይላል። ስትወጣ ከታች ቆሞ "አንተ ዝንጀሮ፣ ሽንብራዬን እንዳትረግጥ" ይልህ ነበር እንጂ ከልክሎህ አያውቅም። ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ግን ምን አለ መሰለህ? "ነፍስ ይማር። ማሬን ግን ጨርሶብኝ ነው የሄደ።" ድንኳኑ ጥግ የተቀመጡት ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ የማር ሌባ ሆንክ። ያለ ማር ማን ገደል ይወጣል ይላሉ። ክፍል ውስጥ እኔን "ሰፈፍ" ይሉኛል።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሰው እየሰማ፣ አያ ታከለን "ቀፎው የት ነው? አሳየኝ" አልኩት። አንቱ ማለቱን ትቻለሁ። "ድሮ ንብ ነበረበት" አለ። "ታዲያ ወንድሜ የድሮ ማር ነው የሰረቀህ?" ስለው መሪጌታ "በቃ፣ አንተ ልጅ" ብለው ዝም አሰኙኝ። እሱንም ግን የደገፈው የለም።

በሳምንቱ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ድንጋዩን ያነሳው ከዚያው ከገደሉ ስር ነው። ደግ የሠራ መስሎታል። ቀዩ አሸዋ አንገቱ ላይ ይረግፍ ነበር። አባታችን ስለሌለ ሽማግሌዎቹ እኔን "የቤቱ ወንድ አንተ ነህ፣ አውርድለት" አሉኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ድንጋዩን ደጋግሞ ሲያመቻች አየሁ፤ አላዘንኩም። በመጨረሻ እማዬ አወረደችለትና "ይቅር ለእግዜር" አለች። እሷ ብላለች። እኔ አላልኩም።

አሁን ደግሞ ስምህን ለማዳን አዲስ ወሬ አምጥተዋል፤ ለካ ገደል የገባች ፍየል ሊያወጣ ኖሯል ይላሉ። እማዬም ትሰማቸዋለች። እኛ ፍየል ኖሮን አያውቅም። በህይወት እስካለሁ፣ ለምን ወጣ ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ ደስ ስለሚለው ነው እላለሁ። ባያምኑኝም።

ታናሽህ