የማን ነህ?

ሐርጌሳ፣ ኅዳር 1987

አክሊልዬ፣

ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ይታኮሳል፤ እኔም አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ዛሬ ዋሄን ገበያ ሻይ ቤት ሺሬ የሚባሉ የዘይላ ዓሣ አጥማጅ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጡና «ጅቡቲ ፊት ለፊት ያለችው ሙሻ ደሴት ይህች ናት» አሉኝ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ጠረፉን በውል ሲካፈሉ ደሴቷ ለፈረንሳይ ደረሰች። አያታቸው ይህን ያወቁት እንደ ወትሯቸው መረብ ሊያሰጡ ደሴቷ ላይ ወርደው አንድ የፈረንሳይ ወታደር «የማን ነህ?» ሲላቸው ነው። እኔና አንተ ጣና ላይ ስንቀዝፍ የምንጠይቀው ነፋሱን ብቻ ነበር!

ወሬው ሳያልቅ ተኩስ ተነሣና ተበታተንን። ስመለስ መንገዱ ላይ ገመድ የዘረጉ ታጣቂዎች «የማን ነህ?» አሉኝ። ደንግጬ በተሰባበረ ሶማልኛዬ «የአክሊል ጓደኛ» አልኳቸው። ሳቁና አሳለፉኝ።

እትዬ አምለሰትን ሳምልኝ። ነገም ቢጠይቁኝ ሌላ መልስ የለኝምና ደኅና ሁንልኝ።

አቻምየለህ